ለአሮጌ ጆይስቲክ ትክክለኛውን ኮንቨርተር እንዴት እንምረጥ? ደረጃ በደረጃ

«ቤት የተቀመጠ ጆይስቲክ አለኝ፤ ላፕቶፔ ላይ ግን አይገባም። የትኛውን ኮንቨርተር ልግዛ?» ይህ ጥያቄ ባሕር ዳር ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ዘግተው ዕቃውን ወደ ቤት ካስገቡ ልጆችም በየጊዜው ይመጣልኛል። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይጠይቃል። ስለዚህ መልሱን በሙሉ እዚህ አስቀምጬላችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ኮንቨርተር፣ ማለትም የጆይስቲኩን ጫፍ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረው ዕቃ፣ በሶኬቱ ቅርጽ ብቻ አይመረጥም። ሶኬቱ ልክክ ብሎ ገብቶ ጆይስቲኩ የማይሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮንቨርተሩ ጆይስቲኩ የሚልከውን ምልክት ማንበብ መቻል አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ጆይስቲካችሁን እወቁ፤ ከዚያ ገንዘብ አውጡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጆይስቲኩ፣ ከነካርቶኑ ካለ ደግሞ አብሮት የመጣ ቁራጭ ኬብል ሁሉ (ደረጃ 3 ላይ ምክንያቱን ታገኙታላችሁ)
- ዩኤስቢ ያለው ላፕቶፕ
- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ
- ባለ መስቀል ትንሽ ካቻቢቴ
- መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ለባለ 15 ፒኑ ጆይስቲክ ብቻ
- ንጹህ አልኮል፣ ጥጥ እና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ

ደረጃ 1፦ የኬብሉን ጫፍ እዩ

ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሩና በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ ፒኖቹን (ትንንሾቹን ብረቶች) ቁጠሩ። በዐይን የማይታይ የተጣመመ ፒን ፎቶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሱቅ ስትሄዱም ሆነ ከአዲስ አበባ ዕቃ ስታስመጡ ከቃል ይልቅ ፎቶ ያግባባል።

የምታገኙት ከእነዚህ አንዱን ነው፦

ሀ. ጠፍጣፋ ዩኤስቢ። ኮንቨርተር አያስፈልጋችሁም። ካልሠራ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌር ነው፤ ደረጃ 5 ላይ ያለውን ፈተና አድርጉና ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

ለ. የፕሌይስቴሽን 1 እና 2 ጫፍ። ሰፋ ያለ ነው። ዘጠኝ ፒኖች በአንድ ረድፍ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ተከፍለው ይታያሉ። ደረጃ 2ን አንብቡ።

ሐ. ባለ 15 ፒን «ጌምፖርት»። ፒኖቹ በሁለት ረድፍ ናቸው፤ ከላይ 8፣ ከታች 7። የድሮ የአውሮፕላን ጨዋታ ጆይስቲኮችና መሪዎች ብዙዎቹ ይህ ነው ያላቸው። ደረጃ 3።

መ. ኬብል የሌለው፣ ማለትም ዋየርለስ። ደረጃ 4።

ሐ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የስክሪን ኬብል፣ ቪጂኤ የምንለው፣ እሱም 15 ፒን ነው። ግን የእሱ ፒኖች በሦስት ረድፍ አምስት አምስት ናቸው፣ ጫፉም አነስ ይላል። «15 ፒን» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ የቪጂኤ ኮንቨርተር ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። «ባለ ሁለት ረድፍ» የሚለውን ቃል አትርሱ።

ደረጃ 2፦ የፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲክ ከሆነ

በእኛ ከተማ አብዛኛው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌዋለሁ።

«የፒኤስ 2 ኮንቨርተር» ስትሉ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ዕቃዎች ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አንዱ የጆይስቲኩ ነው። ሌላው የድሮ ኪቦርድና ማውስ ኮንቨርተር ነው፤ የኪቦርዱ ሶኬትም ስሙ ፒኤስ 2 ነውና። የኪቦርዱ ቀዳዳ ክብ ነው፣ ስድስት ፒን ይቀበላል። ብዙ ጊዜ አንዱ ቀዳዳ ሐምራዊ፣ ሌላው አረንጓዴ ነው። ሻጩ አላታለላችሁም፤ በጠየቃችሁት ስም ነው የሰጣችሁ። ስለዚህ «የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ኮንቨርተር» በሉ፣ ፎቶውንም አሳዩ።

አሁን ምርጫው። ባለ አንድ ቀዳዳና ባለ ሁለት ቀዳዳ አለ። ብቻችሁን ብትጫወቱም እኔ ባለ ሁለቱን እመርጣለሁ። ላፕቶፕ ላይ ያሉት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ጥቂት ናቸው፤ ይሄኛው በአንዱ ብቻ ሁለት ሰው ያጫውታል። አንዱ ቀዳዳ ቢላላ እንኳ ሌላው ይቀርላችኋል። ግን አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ሁለቱ ጆይስቲኮች ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች መታየት አለባቸው። እንደ አንድ ከታዩ የኳስ ጨዋታ ላይ ሁለታችሁም አንድ ተጫዋች ታንቀሳቅሳላችሁ።

ከሰካችሁ በኋላ ጆይስቲኩ መሐል ያለችውን «አናሎግ» የምትል ቁልፍ ተጫኑና ቀዩ መብራት መብራቱን እዩ። መብራቱ ከጠፋ ሁለቱ አናሎጎች፣ በአውራ ጣት የምታዞሯቸው ትንንሽ ዱላዎች፣ በትክክል አይሠሩም። «ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመለሰው ዕቃ ስንቱ በዚህች ቁልፍ ብቻ ይስተካከል ነበር።

ንዝረቱ ከቀነሰም አትደንግጡ። ኮንሶሉ ለንዝረት ሞተሩ ከ7 ቮልት በላይ ይሰጣል፤ የኮምፒውተር ዩኤስቢ ግን 5 ቮልት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ ከኮንቨርተሩ ጋር የሚመጣውን ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ሶፍትዌር) ይፈልጋል። ቁልፎቹና አናሎጉ ግን ያለ ምንም ድራይቨር ይሠራሉ።

የዳንስ ምንጣፍ ያላችሁ ካላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ኮንቨርተር ግራና ቀኝን እንደ አንድ መስመር ሁለት ጫፍ ያነባቸዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስትረግጡ እርስ በርስ ይጣፋሉ፣ ምንም እንዳልተረገጠ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ባለ 15 ፒን ጌምፖርት ከሆነ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው።

መጀመሪያ ቤት አሮጌ ዴስክቶፕ ካለ ጀርባውን እዩ። ሳውንድ ካርዱ ላይ ባለ 15 ቀዳዳ ሶኬት ካለውና ዊንዶውስ ኤክስፒ ከጫነ ኮንቨርተር ሳትገዙ ሰክታችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ግን ይህ ሶኬት ድጋፍ የለውም። ያኔ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ዕቃ ግድ ይላል።

ጌምፖርት ጆይስቲክ ሁለት ዓይነት ነው። ተራው አናሎግ ነው። ውስጡ ያለው ተቃዋሚ (ፖቴንሺዮሜትር) ዱላውን ስታንቀሳቅሱ ከ0 እስከ 100 ኪሎ ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) አካባቢ ይቀያየራል። ሶኬቱ የሚሸከመው አራት የእንቅስቃሴ አቅጣጫና አራት ቁልፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዲጂታል ነው። የማይክሮሶፍት ሳይድዊንደር ዓይነቶቹ በዚያው ሶኬት ላይ የራሳቸውን ዲጂታል መልእክት ይልካሉ። ርካሹ ኮንቨርተር የሚያነበው ተራውን አናሎግ ብቻ ነው። ሳይድዊንደር ስትሰኩበት መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩም «ጆይስቲክ አገኘሁ» ይላል። ግን ምንም አይንቀሳቀስም።

የእናንተን ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ቁልፎቹን መቁጠር ነው። ከአራት በላይ ከሆኑ ተጠራጠሩ። ከባዱ ግን እርግጠኛው መልቲሜትር ነው፦

1. ጆይስቲኩን ከሁሉም ኮምፒውተር ንቀሉ። ኃይል እያለው ኦም አይለካም፤ ንባቡ ይሳሳታል፣ መልቲሜትሩም ሊጎዳ ይችላል።
2. ጫፉ ላይ ከፒኖቹ አጠገብ የተቀረጹትን ትንንሽ ቁጥሮች ፈልጉ። በግምት አትቁጠሩ፤ ከፊትና ከኋላ ሲታይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል።
3. መልቲሜትሩን 200 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉ። አንዱን ዘንግ ፒን 1 ላይ፣ ሌላውን ፒን 3 ላይ አሳርፉ።
4. ዱላውን ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ውሰዱ። ቁጥሩ ሳይዘል እያደገ ወይም እየቀነሰ ከሄደ አናሎግ ነው።
5. ፒን 1 እና ፒን 6ን ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላውን በዚያው መንገድ ፈትሹ።
6. ፒን 2 እና ፒን 4 ላይ አድርጋችሁ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫኑ። ኦሙ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት።

ሁሉም ከሠራ ተራው ኮንቨርተር ይበቃችኋል። ቁጥሩ እየዘለለ ከሆነ ውስጡ ቆሽሿል፤ ደረጃ 7ን እዩ። ምንም ለውጥ ከሌለ ምናልባት ዲጂታል ነው።

አናሎግ ሆኖም ከአራት በላይ ቁልፍ ያለው አለ። ሲኤች ፍላይትስቲክ ፕሮ በአውራ ጣት የምትገፋውን የላይኛዋን ቁልፍ በአራቱ ቁልፎች ቅንጅት ነው የሚልከው። ትረስትማስተር ኤፍሲኤስ ደግሞ በአራተኛው አቅጣጫ ላይ በተለያየ የኦም መጠን ይልካል። ለእነዚህ የሲኤች እና የትረስትማስተር ሞድ ያለውን ኮንቨርተር ፈልጉ። አለበለዚያ ሲኤቹ ላይ የላይኛዋን ቁልፍ ስትገፉ ብዙ ቁልፍ አንድ ላይ የተጫነ ይመስላል።

ሳይድዊንደር ከሆነ ካርቶኑን ዳግም ፈትሹ። አንዳንዶቹ ሲሸጡ ባለ 15 ፒኑን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አጭር ቁራጭ ይዘው ነበር። ይህ ቁራጭ ለዚያ ጆይስቲክ ብቻ ነው፤ ሌላ ላይ አይሠራም። ዩኤስቢ የሚናገረው ጆይስቲኩ ራሱ ነው፣ ቁራጩ ሽቦውን ብቻ ነው የሚያገናኘው። እባካችሁ አትጣሉት፤ ተራ ኮንቨርተር አይተካውም።

ደረጃ 4፦ ዋየርለስ ከሆነ

የኤክስቦክስ 360 ዋየርለስ ብሉቱዝ አይደለም። የራሱ ዩኤስቢ ሪሲቨር (ምልክት ተቀባይ) ያስፈልገዋል። ቻርጅ ማድረጊያ ኬብሉን ገዝታችሁ ላፕቶፕ ላይ ብትሰኩት ባትሪውን ብቻ ይሞላል፤ ዳታ አያስተላልፍም። ሌላ ድርጅት የሠራው ሪሲቨር ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ያኔ የዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ የኤክስቦክስ 360 ሪሲቨርን ድራይቨር በእጅ ምረጡለት።

ኤክስቦክስ ዋን ከሆነ መሐል ያለውን የኤክስቦክስ ምልክት ዙሪያ እዩ። ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ከፊት ገጹ ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ብሉቱዝ አለው። ከላይኞቹ ቁልፎች ጋር የተያያዘ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ከሆነ የለውም፤ በኬብል ተጠቀሙበት ወይም ሪሲቨሩን ፈልጉ።

ሪሲቨር ስትሰኩ አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ተጠቀሙ። ዩኤስቢ 3 ሶኬት በአጠገቡ ያለውን የ2.4 ጊጋኸርዝ ምልክት ይረብሻል፤ ጨዋታው የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

ላፕቶፑንም ጆይስቲኩንም ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ስታርት ላይ በእንግሊዝኛ «ጌም ኮንትሮለርስ» ብላችሁ ጻፉ፣ የሚመጣውን «ሴት አፕ ዩኤስቢ ጌም ኮንትሮለርስ» ክፈቱ። ስሙን መርጣችሁ «ፕሮፐርቲስ» በሉ። ሊኑክስ ለምትጠቀሙ «ጄኤስቴስት ጂቲኬ» ይሠራል።

አናሎጉን ዙሪያውን አዙሩ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ምልክት አራቱም ጎን መድረስ አለባት። ልቀቁት፤ ወደ መሐል መመለስ አለባት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ተጫኑ። ኮንቨርተሩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት። በመጨረሻ ኬብሉን ከሶኬቱ ሥር ወዲህና ወዲያ ወዝወዝ አድርጉ፤ ጆይስቲኩ ከጠፋ ሽቦው ውስጡ ላልቷል ማለት ነውና አትግዙት።

ባለ 15 ፒኑን ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ይህን ፈተና ራሳችሁ ማድረግ አትችሉም፣ ለመቀየርም ቀላል አይደለም። የሚገዛላችሁ ሰው ጋ የጫፉን ፎቶ፣ የጆይስቲኩን ሆድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ፣ «አናሎግ» ወይም «ዲጂታል» የሚለውን ውጤታችሁን ላኩ።

ደረጃ 6፦ ኮምፒውተሩ ያየዋል፣ ጨዋታው ግን አያየውም

ደረጃ 5 ላይ ሁሉም ከሠራ ኮንቨርተሩ ጤነኛ ነው። ሌላ አትግዙ። ዊንዶውስ ላይ ጨዋታዎች ጆይስቲክ የሚያነቡበት ሁለት መንገድ አለ፤ የቆየው ዳይሬክትኢንፑት፣ ከኤክስቦክስ 360 ጋር የመጣው ኤክስኢንፑት። ርካሽ ኮንቨርተሮች አብዛኞቹ በቆየው ነው የሚሠሩት። አዳዲስ ጨዋታዎች ብዙዎቹ የሚሰሙት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

መፍትሔው አስተርጓሚ ሶፍትዌር ነው። ስቲም (የጨዋታ መግዣና ማስጀመሪያ ፕሮግራም) ካላችሁ ጨዋታውን ወደ ስቲም ጨምሩና የኮንትሮለር ቅንብሩን እዚያው አስተካክሉ። ካልሆነ «ኤክስ 360 ሲኢ» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጆይስቲካችሁን የኤክስቦክስ አስመስሎ ያቀርበዋል። አሮጌ የፔስ (የእግር ኳስ) ጨዋታ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ አትድከሙ፤ ከጨዋታው ጋር የሚመጣው «ሴቲንግስ» ፕሮግራም ውስጥ ቁልፎቹን ማስተካከል ይቻላል።

ደረጃ 7፦ አጽዱ፣ ከዚያ ካሊብሬት አድርጉ

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ቆሻሻ ባለበት ካሊብሬት ብታደርጉ፣ ማለትም የጆይስቲኩን መሐልና ጥግ ብታስተምሩት፣ ኮምፒውተሩ የተሳሳተውን ንባብ እንደ ትክክል ይይዘዋል።

ጣና ዳር ዕቃ ሳይነካ ከከረመ እርጥበቱ ያገኘዋል። ፒኖቹን አጉልታችሁ ስታዩ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ያ ዝገት ነው። ብሩሹን በአልኮል አርሱና ፒኖቹን በርዝመታቸው ፈትጉ፤ ወደ ጎን ከፈተጋችሁ ይጣመማሉ። የጆይስቲኩን ሆድ ለመክፈት ብሎኖቹን በየተራ አውጡና የነበሩበትን ቦታ ፎቶ አንሱ፤ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል። ከዚያ ውስጡን በአልኮል በነካ ጥጥ አጽዱ፣ ዱላውንም ደጋግማችሁ ወዲህና ወዲያ አድርጉ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትሰኩ።

አልኮል ስል ንጹሁን ነው። አረቄ ውኃ አለበት። የእጅ ሳኒታይዘር ብዙ ጊዜ ግሊሰሪን ስላለው ሲደርቅ ይጣበቃል። ቤንዚን ፕላስቲኩን ይበላል፣ እሳትም ያስነሳል።

አሁን «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ካሊብሬት» በሉና ስክሪኑ ላይ የሚታዘዘውን ተከተሉ። የየጆይስቲኩ ኦም እኩል ስላልሆነ፣ ሲያረጅም ስለሚለወጥ፣ ኮምፒውተሩ የእናንተን መሐልና ጥግ መማር አለበት።

ደረጃ 8፦ ኮንቨርተር ከጠፋ ራሳችሁ ሥሩት

ይህ መበየድ ለምትችሉ ነው። አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ) ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ ግዙ። ሁለቱም ኤቲሜጋ 32ዩ4 ቺፕ ስላላቸው ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጆይስቲክ መታየት ይችላሉ። አርዱዊኖ ኡኖ ግን በቀጥታ ይህን አያደርግም፤ እሱን አትግዙ።

ለአናሎግ ጆይስቲክ፦ ፒን 1ን ከ5 ቮልት፣ ፒን 4ን ከግራውንድ አገናኙ። ፒን 3 ወደ አርዱዊኖው አናሎግ መግቢያ ኤ0፣ ፒን 6 ወደ ኤ1። ቁልፎቹ ፒን 2፣ 7፣ 10 እና 14 ናቸው፤ ወደ ዲጂታል መግቢያዎች ውሰዷቸውና በፕሮግራሙ ውስጥ ፑልአፕ (ቁልፉ ሳይጫን መግቢያውን ከፍ ባለ ቮልት የሚይዝ ቅንብር) አብሩ። ፒን 12 እና 15ን ተዉአቸው፤ ሳውንድ ካርዶች ለሙዚቃ መሣሪያ ይጠቀሙባቸዋል።

ከኤ0 ወደ ግራውንድ፣ ከኤ1 ወደ ግራውንድ አንድ አንድ የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማስገባት ግዴታ ነው። ጆይስቲኩ የሚቀይረው ኦም እንጂ ቮልት አይደለም፤ አርዱዊኖ ደግሞ የሚያነበው ቮልት ነው። ሬዚስተሩ ሲገባ ቮልቱ ከ5 እስከ 2.5 ይቀያየራል። አርዱዊኖው ላይ ከ1023 እስከ 511 አካባቢ ታነባላችሁ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ዝቅተኛውን ቁጥር ዜሮ አድርጋችሁ ከተዋችሁት ጆይስቲኩ ግማሽ መንገድ ብቻ የሄደ ይመስላል፤ ስለዚህ ያነበባችሁትን ትክክለኛ ቁጥር አስገቡ።

ሳይድዊንደር ፎርስ ፊድባክ ፕሮ ላላችሁ ደግሞ በዚሁ ቺፕ ላይ የሚጫን «አዳፕት ኤፍኤፍቢ ጆይ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። የመግፋት ኃይሉን ሳይቀር በዩኤስቢ ያሠራዋል።

ማስጠንቀቂያ

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የጨዋታ መሪ የራሱ ፓወር ሰፕላይ ካለው ከመሰካታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። መግቢያው «100-240 ቮልት» ካለ ችግር የለም። «120 ቮልት» ብቻ ካለ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። ፓወር ሰፕላዩ ጠፍቶ ሌላ ስትተኩ ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ እኩል ወይም የበለጠ፣ የፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሥዕልም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም፣ ዴስክቶፑንና መሪውን ከዲቫይደሩ ንቀሉ። መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ ጠብቁ። ኃይሉ ከፍ ብሎ ሲመጣ ከኮምፒውተሩ አልፎ የተሰካበትን ሁሉ ሊጎዳ ይችላል።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

- ቺፕ የሌለው፣ ሽቦ ለሽቦ ብቻ የሚያገናኝ የጌምፖርት ኮንቨርተር መግዛት። ጌምፖርት ኦም ነው፣ ዩኤስቢ ዳታ ነው፤ መሐል ላይ ቺፕ ከሌለ ምንም አይሠራም።
- ከኮንቨርተሩ ጋር የመጣችው ትንሿ ሲዲ ጠፋች ብሎ ድራይቨር ካገኙት ገጽ ማውረድ፣ ወይም ከፕሌይስቴሽን ቤት በፍላሽ መቅዳት። ቫይረስ የሚገባው በዚህ ነው። ለቁልፎቹ ድራይቨር አያስፈልግም።
- አራት ጆይስቲክ የራሱ ኃይል በሌለው አንድ ሀብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚከፍል) ላይ መሰካት። አንድ የዩኤስቢ 2 ሶኬት 500 ሚሊአምፒር ነው የሚሰጠው፤ ሁሉም ሲንቀጠቀጡ አንዱ ይጠፋል። የራሱ ፓወር ያለው ሀብ ተጠቀሙ፣ ወይም ንዝረቱን አጥፉ።
- ጨዋታውን ከፍቶ ከዚያ ጆይስቲክ መሰካት። ብዙ አሮጌ ጨዋታዎች የሚፈልጉት ሲከፈቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዝጉት፣ ሰኩ፣ እንደገና ክፈቱት።